ቀለም ቀቢውን ተዉትና አሸንዳውን ጥረጉ

ግንቦት እየተጋመሰ ነው። ክረምት ሲገባ የምንሰማውን ከአሁኑ አውቀዋለሁ፦ «ዘንድሮ ዝናቡ በረታ፣ ኮርኒሱ አፈሰሰ፣ ግድግዳው አበጠ።» መስከረም ሲጠባ ደግሞ ቀለም ቀቢ ይጠራል። ያበጠው ይፋቃል፣ ነጭ ቀለም ይለቀለቃል፣ ለእንቁጣጣሽ ቤቱ ያምራል። በሚቀጥለው ሐምሌ ያው ግድግዳ እዚያው ቦታ ላይ ያብጣል። እኛም ዝናቡን እንወቅሳለን።

ወገን፣ ዝናቡ ምን አደረገ? አዲስ አበባ ውስጥ ክረምት በሰኔ እንደሚገባ የማያውቅ ሰው አለ እንዴ? በየዓመቱ ቀጠሮውን አክብሮ የሚመጣ እንግዳ እኮ ነው። ቀጠሮ የማናከብረው እኛ ነን።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ጣሪያችሁ 100 ካሬ ቢሆንና በአንድ ከሰዓት በኋላ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 2,000 ሊትር ውሃ ነው። በትልቁ በርሜል አሥር በርሜል! አሸንዳው ንጹሕ ከሆነ ይሄ ሁሉ በቱቦ ወርዶ ይሄዳል። በባህር ዛፍ ቅጠል፣ በፌስታል፣ በልጆች ኳስ ከተደፈነ ግን አሥር በርሜል ውሃ ግድግዳችሁ ሥር እየደፋችሁ ነው። ሐምሌና ነሐሴን ሙሉ ደግሞ ይሄ በተደጋጋሚ የሚሆን ነገር ነው።

የጭቃ ቤት ከሆነ መጀመሪያ ምርጉ ይረግፋል፣ ቀጥሎ ቋሚው ከሥሩ ይበሰብሳል፣ ቤቱ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ይጀምራል። የብሎኬት ቤት ያለው «እኔን አይመለከተኝም» እንዳይል። ብሎኬት ውሃ ይጠጣል። ግድግዳው ላይ እንደ ጨው የሚወጣው ነጭ ነገር፣ የሚፈነዳው ቀለም፣ ከቁም ሣጥን ጀርባ ያለው ሻጋታ የዚያ ምልክት ነው። ሻጋታው ደግሞ አስም ያለበትን ልጅ ደረት ይይዛል። ውሃው ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ የኤሌክትሪክ መስመር ካገኘማ ነገሩ ከቀለም ያልፋል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ አዲሱ ፋሽን ነው። ቆርቆሮው እንዳይታይ ዙሪያውን በግንብ ይከለልና አሸንዳው ከግንቡ ጀርባ ይደበቃል። ያምራል፣ አልካድኩም። ግን የድሮው አሸንዳ ሲደፈን ቢያንስ ወደ ውጭ ነው የሚፈሰው፤ የተደበቀው ሲደፈን የሚፈሰው ሳሎናችሁ ውስጥ ነው። ለጂፕሰም ኮርኒስ ያንን ሁሉ ብር ያወጣ ሰው ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ቦይ አንድ ቀን ወጥቶ አያየውም! ግንባታ ላይ ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ ባለቤቱን ተከራከሩት። እንዲህ ዓይነት አሸንዳ ስትሠሩ ግንቡ ላይ ትርፉ ውሃ ወደ ውጭ የሚወጣበት ቀዳዳ ተዉለት። «አያምርም» ካላችሁ ነሐሴ ላይ የትኛው እንደማያምር ያየዋል በሉት።

አሁን ወደ አከራዮች ልምጣ። ኪራይ የሚጨመርበትን ወር የማይረሳ አከራይ አሸንዳ የሚጠረግበትን ወር ለምን ይረሳል? ተከራይ ፍራሹ ረጥቦ ሲናገር «የዝናብ ጉዳይ ነው፣ ምን ላድርግ፣ ካልተመቸህ ልቀቅ» ይባላል። ይሄ ነውር ነው። ተከራዩ የከፈለው ከዝናብ ሊጠለል እኮ ነው! ጣሪያው የማን ነው? የሚያፈርሰውስ የማንን ንብረት ነው? ተከራዩ በጳጉሜ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል፣ የበሰበሰው ግድግዳ ለባለቤቱ ይቀራል። በገዛ ንብረት ላይ መስነፍ ምን ይባላል?

ኮንዶሚኒየም ላይም ያው ነው። «የላይኛው ፎቅ ሰዎች ጉዳይ ነው» ይላሉ የታችኞቹ። ጣሪያው የጋራ ነው፣ በግድግዳው የሚወርደው ውሃም ፎቅ መርጦ አይቆምም። ኮሚቴው ለጥበቃ የሚያዋጣውን ያህል ባይሆን እንኳ በዓመት አንዴ ለአሸንዳ ያዋጣ።

«ብር የለም» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ ኑሮ ከብዷል። ግን አሸንዳ መጥረግ የሚፈልገው መሰላል፣ ጓንት፣ ባልዲና ግማሽ ቀን ነው። ብር የሚበላው አለመጥረጉ ነው። ሥራው ይሄው፦ ደረቅ ቀን ምረጡ። አንድ ሰው መሰላሉን ይያዝ፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ራቁ። ቆሻሻውን በእጅ አውጡት እንጂ ወደ ቱቦው አትግፉት። ከዚያ አንድ ባልዲ ውሃ አፍስሱና እዩ። ውሃው መሐል ላይ ከተኛ አሸንዳው ረግቧል፤ በየሜትሩ ግማሽ ሴንቲ ያህል ወደ ቱቦው ማዘቅዘቅ አለበት። መጋጠሚያው ካንጠባጠበ አድርቃችሁ በሲሊኮን ድፈኑት። የቱቦው ጫፍ ግድግዳ ሥር እንዳይተፋ ቢያንስ አንድ ሜትር አርቁት። ስታርቁትም ወደ ጎረቤት ግድግዳ አይሁን! ከሽንት ቤት መስመር ጋርም አታገናኙት፣ ዶፍ ሲወርድ የሚገነፍለው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

አባቶች «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ያሉት ለዚህ ነው። እኛ ግን ጅቡ ከሄደ በኋላ የምንጮኸውን መርጠናል፤ ጩኸታችንም በቀለም ባልዲ ነው።

ይቺን ጽሑፍ ለአከራያችሁ ላኩለት አልልም፣ ጠብ ውስጥ አልገባም። ሼር ካደረጋችኋት ግን ራሱ ያገኛታል። እናንተ ደግሞ የፊታችን ቅዳሜ ጣሪያ ላይ ውጡ። ከአሸንዳችሁ ምን እንዳወጣችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ኳስ ላገኘ ለሰፈር ልጆች ይመልስ።