ውሃ በማይገባው ሰዓት
ሶሌታ ሲሞላ ቆሞ ያየ ሰው የሚታዘበው ነገር አለ፤ ውሃው የሚፈሰው በማይገባው ሰዓት ነው። አርማታው ሲቦካ፣ አካፋ እንዲቀል ተብሎ፣ ባልዲ በባልዲ ላይ ይደፋበታል፤ ከጠነከረ በኋላ፣ ቢያንስ 7 ቀን እርጥበት ሲፈልግ ግን ፀሐይ ላይ ይረሳል። ትርፉ ውሃ ሲተን ጥቃቅን ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፤ በዚያው በኩል እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገባሉ። ጤነኛ አርማታ አልካላይነቱ ከፍተኛ ስለሆነ ፌሮውን ከዝገት ይጠብቃል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይህን ጋሻ ቀስ በቀስ ያሳጣዋል። ዝገት ደግሞ ከብረቱ የሰፋ ቦታ ስለሚይዝ ሽፋኑን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቃል። እኛ ስንጥቁን በልስን ደፍነን ቀለም እንቀባለን፤ ለሁለት ክረምት ያምራል። የሮማው ፓንቴዎን ጉልላት 1900 ዓመት ገደማ የቆየው ፌሮ ስለሌለው ጭምር ነው የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ ግን ባለ 10 ፎቅ ሕንጻ እንደዚያ አይሠራም። እኔ ውድ ኬሚካል ይገዛ አላልኩም። ፌሮው ካሳፎርማውን እንዳይነካ የሚያርቀው ስፔሰር፣ እርጥብ ጆንያ፣ ጠዋት ማታ ቱቦ የሚይዝ አንድ ሰራተኛ፤ እነዚህ በውሉ ላይ ዋጋቸው ተጽፎ ይከፈልባቸው ነው የምለው። ያልተከፈለበትን ሥራ ማንም አይሠራውማ።