ባልዲው፣ ገመዱና ዑሽር



አዊ ውስጥ የውኃ ችግር አለ ቢባል ከሩቅ ለሚሰማ ሰው ይገርመው ይሆናል። ክረምቱ ረጅም ነው፤ ምንጩም ጅረቱም ብዙ ነው። ይሁን እንጂ እዚህ ግምጃ ቤት አካባቢ በመጋቢት ወር የገበሬውን ጓሮ ለተመለከተ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ውኃው ከታች ነው፣ ድንቹ ከላይ ነው። ከኢንጅባራ ብዙም የማይርቀው ዘንገና ሐይቅ 166 ሜትር ያህል ጥልቀት እንዳለው ይነገራል። ያን ሁሉ ውኃ ከያዘው ጎድጓዳ አፋፍ ባሻገር ያለው ማሳ ግን በጋውን ሰማይ ሰማይ እያየ ያሳልፋል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ አዝመራ ዘካ ሲደነግጉ ይህንኑ ልዩነት ከግምት አስገብተውታል። በዝናብ ወይም በምንጭ ውኃ ከበቀለው አንድ አሥረኛ (ዑሽር) ይወጣል፤ ውኃ እየተሳበለት ካደገው ግን የዚያ ግማሽ፣ ማለትም አንድ ሃያኛ ብቻ ነው። በዚያን ዘመን የመዲና አትክልት ቦታዎች ከጉድጓድ የሚጠጡት ግመል ገመድ እየጎተተ ነበር። ብዙዎቻችን ይህን ድንጋጌ በመድረሳ በቃላችን አጥንተነዋል፤ ግማሹ ለምን እንደተቀነሰ ግን ክንዳችን አያውቀውም።

እስቲ እናስላው። 200 ካሬ ሜትር የድንች መደብ በቀን 5 ሚሊሜትር ውኃ ይጠጣል ብንል 1,000 ሊትር ይሆናል። ይህም ባለ 10 ሊትር ባልዲ 100 ጊዜ መሳብ ማለት ነው። ጉድጓዱ 8 ሜትር ከሆነ፣ ባዶውን ማውረድ ሳይቆጠር፣ 800 ሜትር ገመድ በእጅ ያልፋል። ይህን የሚስበው ደግሞ ብዙውን ጊዜ አባወራው አይደለም፤ እናት ናት፣ ወይም ልጅ ነው። በበጋ ወራት ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ የሚያንቀላፉትን ተማሪዎች መምህር የሆነ ሁሉ ያውቃቸዋል።

የሰው ልጅ ይህን ድካም ለማቅለል የደከመው ዛሬ አይደለም። ከሁሉ ቀድሞ የሚጠቀሰው ሻዱፍ ነው። ይኸውም በቋሚ እንጨት ላይ የተጋደመ ረጅም አግዳሚ ሲሆን በአንድ ጫፉ ባልዲ፣ በሌላው ጫፉ ድንጋይ ወይም ጭቃ ይታሰርበታል። ሰውየው የሚደክመው ባዶውን ባልዲ ወደ ታች ሲጎትት ነው፤ ሙሉውን የሚያነሳው ድንጋዩ ነው። ከ4,000 ዓመታት በፊት በሜሶፖታሚያ ይታወቅ ነበር፤ በግብፅም ከ3,000 ዓመታት በላይ በሆናቸው የመቃብር ሥዕሎች ላይ ይታያል።

ቀጥሎ የመጣው ሳቂያ ነው። በሬ ወይም ግመል ዙሪያውን እየዞረ ባለ ጥርስ መንኮራኩር ያሽከረክራል፤ በገመድ የተያያዙ እንስራዎች ባዶ እየወረዱ ሙሉ ይወጣሉ። ናዑራ የሚባለው ደግሞ እንስሳም አይፈልግም፤ ወንዙ ራሱ ያዞረዋል። በሶሪያ፣ ሐማ ከተማ፣ በአል-ዓሲ ወንዝ ላይ የቆመው ትልቁ ናዑራ እ.ኤ.አ. በ1361 የተሠራ ሲሆን ወርዱ ከዳር እስከ ዳር 20 ሜትር ያህል ነው። ሙስሊሞች መሣሪያውን እስከ አንደሉስ አድርሰውታል፤ እስፓኞች ዛሬም ኖሪያ ይሉታል። በዲያርበክር ለአርቱቅ ነገሥታት የሠራው መሐንዲስ አል-ጀዘሪም እ.ኤ.አ. በ1206 ባጠናቀቀው መጽሐፉ አምስት የውኃ ማውጫ መሣሪያዎችን ገልጿል። ከመካከላቸው አንዱ የመንኮራኩርን መዞር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፊት እየለወጠ ሁለት ፒስተኖችን የሚያሠራ ነው።

ለመሆኑ እንዲህ ያለው ናዑራ እኛ ዘንድ ለምን አልቆመም? እንደ እኔ አስተያየት ዋናው ምክንያት የወንዞቻችን ጠባይ ነው። በክረምት ግንድ ይዘው ይወርዳሉ፤ መንኮራኩሩን መሬት ለሚጠማበት ለበጋው ግን ጉልበታቸው ያልቃል። አባቶቻችን የመረጡት ጅረቱን ከላይ ጠልፎ በቦይ ማምጣት ነው። ተራውን የሚያከፋፍል፣ የተጣላውን የሚያስታርቅ የውኃ አባት ይሾማሉ። መልካም ዘዴ ነው፤ ከቦዩ በላይ ላለ ጓሮ ግን አይሠራም።

በአገራችን ውኃ ወደ ላይ በማውጣት የሚደነቁት የቦረና ሰዎች ናቸው። ቱላ በሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ውስጥ ወጣቶች አንዱ ከአንዱ በላይ በደረጃ ቆመው፣ በዜማ እየተቀባበሉ፣ ዕቃውን ከእጅ ወደ እጅ ያወጣሉ። ተራ የሚያስከብረው አባ ሄሬጋ ይባላል። መሣሪያው የሰው ሰንሰለት ነው ማለት ይቻላል። ባይሰለፉ ከብቶቻቸው ያልቃሉ።

ወደ ዞናችን ስንመለስ፣ በዳንግላ ወረዳ ዳንጊሽታ ቀበሌ እ.ኤ.አ. ከ2010 በኋላ በነበሩት ዓመታት ተመራማሪዎች ከገበሬዎች ጋር በጓሮ ጉድጓድ ላይ ሁለት መሣሪያዎችን ሞክረዋል። አንዱ ዐረቦችም በክራ የሚሉት በከራ ነው። በከራ የባልዲውን ክብደት አይቀንስም፤ ሆኖም ጎንበስ ብሎ ወደ ላይ መሳቡን ቀጥ ብሎ ወደ ታች መጎተት ያደርገዋል፤ የሰውየው የራሱ ክብደትም ያግዘዋል። ሁለተኛው የገመድ ፓምፕ ነው። ክብ ክብ ጎማዎች የተሰኩበት ገመድ በፕላስቲክ ቧንቧ ውስጥ እየወጣ ውኃውን ይገፋል፤ ከላይ በእጅ የሚዞር መንኮራኩር አለው። በ8 ሜትር ጉድጓድ፣ በባለ 25 ሚሊሜትር ቧንቧ ውስጥ በአንድ ጊዜ ያለው ውኃ 4 ኪሎ ገደማ ብቻ ስለሆነ ልጅም ሊያዞረው ይችላል። በእንስራ ፋንታ ጎማ ይግባበት እንጂ የሚዞረው ገመድ የሳቂያውን ያስታውሳል። ጎማው ሲያልቅና ገመዱ ሲበጠስ የሚጠግነው ሰው በቅርብ ከሌለ ግን ባለቤቱ ወደ ባልዲው መመለሱ አይቀርም። ስለዚህ ፓምፕ የሚያከፋፍል ሁሉ የጎማ መቁረጫውንና ሙያውንም አብሮ ቢያስተምር ይሻላል እላለሁ።

የዘካው ስሌት በዚህ መሠረት እንዴት ይሆናል? በቦይ የመጣ ውኃ ቁፋሮው ቢያደክምም ፉቀሃዎች ከምንጭ ውኃ ስለሚቆጥሩት ሙሉ ዑሽር አለበት። ከፊሉን በዝናብ፣ ከፊሉን በመሳብ እኩል ያደገ ከሆነ የዑሽር ሦስት አራተኛ፣ ማለትም ከ100 ኪሎ 7 ኪሎ ተኩል ይወጣል። ድንች ራሱ ዘካ አለበት ወይስ የለበትም በሚለው ኢማም አቡ ሐኒፋና ኢማም ሻፊዒ ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው አለበት ይላሉ፣ ሁለተኛው ተከማችቶ የሚቆይ ዋና ምግብ ላይ ብቻ ይወስኑታል።

አሁን ደግሞ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፓምፕ እየተለመደ መጥቷል። ክንድ አይደክምም፣ ነዳጅም አይገዛም። ታዲያ ይህ ከዝናብ ይቆጠር ወይስ ከባልዲ? ለፀሐይዋ የሚከፈል ባይኖርም ለፓምፑና ለጥገናው ይከፈላልና ከባልዲው ወገን ይመስለኛል። ዑለማዎቻችን በዚሁ መጽሔት ቢያብራሩልን ደስ ይለናል።