የሰው ኃይል አስተዳደር ግምገማ፦ ሰነዱና ተግባሩ ሲመዘኑ

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚመለከተው ትልልቅ ፋብሪካዎችን ብቻ አይደለም። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ሐሙሲት ጥቂት ሠራተኞች የቀጠረ ሆቴል፣ ወፍጮ ቤት ወይም የእህል መጋዘንም በአዋጁ ይገዛል። ልዩነቱ፣ ፋብሪካው የሰው ኃይል ክፍልና የሠራተኛ ማኅበር ሊኖረው ሲችል፣ በአነስተኛ ድርጅት ግን ቅጥሩም ስንብቱም በቃል ሊያልቅ መቻሉ ነው።

በመሆኑም ግምገማው ከሰነድ ይጀምራል። አዋጁ የቃል ውልን ቢፈቅድም፣ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው የመስጠት ግዴታ አለበት። ጽሑፉ አለመኖሩ የሠራተኛውን መብት አያሳጣም፤ ሆኖም ክርክር ሲነሣ የደመወዙን ልክና የቅጥሩን ዕለት ማስረዳት አዳጋች ይሆናል። ሰነድ አሠሪውንም ይጠብቃል። በ6 ወራት ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደ ሠራተኛን ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ለማሰናበት እንኳ አስቀድሞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መሰጠት አለበት።

ሁለተኛው መመዘኛ ተግባር ነው። የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀናት፣ መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 መብለጥ የለበትም። የአንደኛው ዓመት ፈቃድ ከ16 የሥራ ቀናት፣ የወሊድ ፈቃድ በድምሩ ከ120 ቀናት ያነሰ ሊሆን አይችልም። በሕዝብ በዓል ቀን ለሚሠራ የትርፍ ሰዓት ሥራ የሰዓቱ ክፍያ በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። ለጡረታ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። መልካም የውስጥ ደንብ ያለው ድርጅት የደመወዝ መዝገቡ እነዚህን ካላሳየ ሕጉን አክብሯል አይባልም።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። የሥራ ውል ሲቋረጥ ሂሳብ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል ይኖርበታል። ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በ3 ወራት፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ ደግሞ በ6 ወራት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። «ዛሬ ነገ» በሚል ተስፋ የሚጠብቅ ሠራተኛ እውነተኛ መብቱን በቀን ቆጠራ ብቻ ሊያጣ ይችላል።

ስለዚህ አሠሪዎች የቅጥር፣ የፈቃድና የደመወዝ መዛግብታቸውን ተቆጣጣሪ ከመምጣቱ በፊት ራሳቸው ሊፈትሹ፣ ሠራተኞችም የውላቸውን ጽሑፍ ሊጠይቁና የሠሩበትን ሰዓት ሊመዘግቡ ይገባል። መብቱ የተጓደለበት ሠራተኛ ጊዜው ሳያልፍበት በአቅራቢያው ለሚገኝ የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ወይም ለሚመለከተው ፍርድ ቤት አቤቱታውን ማቅረብ ይችላል።