ትዕግሥት በምክር ብቻ አይወረስም

የጌታችንና የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የትንሣኤ በዓል የሚከበረው የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ሲፈጸም ነው። ጾም ከጥሉላት መከልከል ብቻ ሳይሆን አንደበትንና ቁጣን መግታትም መሆኑን ቤተ ክርስቲያን ዘወትር ታስተምራለች። ይሁንና በበዓሉ ዋዜማ በብዙ ቤቶች የሚታየው ሌላ ነው። አዋቂው በዶሮና በቅቤ ዋጋ ተማርሮ፣ በሥራ ብዛት ተዋክቦ፣ ንዴቱን የሚወጣው በልጆቹ ላይ ነው። ብርጭቆ የሰበረ ልጅ ይጮህበታል፤ ጥያቄ የደጋገመ ይመናጨቃል፤ ወዲያውም «ታገሥ!» ይባላል። ትዕግሥትን በቁጣ ማስተማር እሳትን በጭድ ለማጥፋት እንደ መሞከር ነው።

በዚህ ረገድ ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን የምናየው መልካም አርአያ አለ። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ቀን፣ የረመዳን ጾም ደግሞ የካቲት 22 ቀን በመጀመራቸው በአንድ ግቢ የሚኖሩ የሁለቱ እምነት ቤተሰቦች ጎን ለጎን ጾመዋል። በረመዳን ወላጆች ከንጋት እስከ ጀንበር ጥልቀት እህልም ውኃም አይቀምሱም። ቴምሩ ቀርቦ፣ ሾርባው ተቀድቶ ሳለ እንኳ የመግሪብ አዛን እስኪሰማ ወደ ማዕዱ እጃቸውን አይዘረጉም። ሕፃኑ ለመጾም ባይገደድም ይህን በየዕለቱ ያያል። ጾመኛ ሰው የሚሰድበው ቢያጋጥመው እንኳ ጾመኛ መሆኑን ተናግሮ እንዲያልፍ እምነቱ ያዘዋል። አባቱ ይህን ሲፈጽም ያየ ልጅ ረጅም ምክር አያስፈልገውም።

እነርሱ «ሶብር» የሚሉት ትዕግሥት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም፤ በመከራ መጽናት፣ ከክፉ መታቀብ፣ በበጎ ሥራም መዝለቅ ነው። በቁርኣን 31ኛው ምዕራፍ የተሰየመበት ጠቢቡ ሉቅማን ለልጁ ከሰጣቸው ምክሮች መካከል ትዕግሥትና ድምፅን ዝቅ ማድረግ ይገኙባቸዋል። ይህን አባት ሐበሻ ነበር የሚል ትውፊት በእስልምና ሊቃውንት ዘንድ መኖሩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ትርጉም አለው። በእኛ ዘንድ ኢዮብ፣ በእነርሱ ዘንድ አዩብ የሚባለው ጻድቅም ለሁለቱም ቤት የትዕግሥት ምሳሌ ነው።

ይህን ስንል የሁለቱ ሃይማኖቶች ትምህርት አንድ ነው ማለታችን አይደለም። ለክርስቲያን ቤተሰብ የትዕግሥት ፍጹም አብነቱ በሰሙነ ሕማማት የምናስበው፣ በመስቀል ላይ ሆኖ ስለ ሰቃዮቹ ምሕረትን የለመነው ጌታ ነው። ነገር ግን የጎረቤት በጎ ምግባር የራስን ግዴታ ያስታውሳል። ልጆቻችን በግቢው ውስጥ የሚያዩትን ያነጻጽራሉና፣ ከወዲያኛው ቤት እርጋታ፣ ከእኛ ቤት ጩኸት ከሰሙ የጾማችንን ፍሬ መጠየቃቸው አይቀርም።

መታገሥ ማለት ልጅን ያሻውን እንዲያደርግ መልቀቅ አይደለም። ጥፋቱን በዝግታ ማስረዳት፣ ቅጣት ቢያስፈልግም ንዴት እስኪበርድ መቆየት ማለት ነው። ለአዲስ ልብስ ገንዘብ ካልተገኘ ልጁን ከማመናጨቅ እውነቱን በሚገባው ቃል መንገር ይሻላል። ከሌሊቱ ቅዳሴ በኋላ ማዕዱ እስኪባረክ ልጁ እንዲጠብቅ የምንሻ ከሆነ፣ እኛም ታሪኩን ጀምሮ እስኪጨርስ ድረስ ልንጠብቀው ይገባል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንዲሉ፣ በችኮላ የተሰነዘረ ቃልና በትር ከተሰነዘረ በኋላ አይመለስም።

የዶሮ ወጡ ሽታ ከቤት የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ነው፤ ልጅ ከወላጁ ያየው ጠባይ ግን ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። ስለዚህ ወላጆች በዚህ በዓል ለልጆቻቸው ከሚያዘጋጁት ስጦታ ሁሉ አስቀድመው እርጋታቸውን እንዲሰጧቸው አደራ እንላለን።

መልካም የትንሣኤ በዓል!