የካሴቶቻችን አደራ

እዚህ ሳውዲ፣ በዳህራን፣ በኮባርና በደማም በማውቃቸው የሐበሻ ቤቶች ሥራ የፈታ ላፕቶፕ አይጠፋም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ክፍል የሌለውን ማሽን በይፋ አይቀበልም። እንዲህ ያለውን ላፕቶፕ አትጣሉት። በዊንዶውስ ፋንታ ዴብያን የተባለውን የሊኑክስ ሲስተም ጫኑበትና የቤት ሙዚቃ ማጫወቻ አድርጉት።

ለድምፅ ሥራ ተብሎ የተሰናዳ ኡቡንቱ ስቱዲዮ የሚባል ሌላ ሊኑክስ መኖሩን አውቃለሁ። ለሚቀርጽና ለሚያቀናብር ሰው ጥሩ ነው፤ ማዳመጥ ብቻ ለሚፈልግ ግን የፕሮግራሙ ብዛት ሸክም ይሆንበታል። ዴብያን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ነው። የኩባንያ ንብረት ስላልሆነ አንድ ባለቤት ተነሥቶ ሊሸጠው ወይም ዋጋ ሊቆርጥበት አይችልም። አንዱ እትም አምስት ዓመት ያህል የደኅንነት ማስተካከያ ያገኛል።

ይህን ያህል የምጨነቀው ስለ ካሴቶቻችን ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ካቋቋመ ወዲህ በሸክላም በካሴትም ከወጣው ሙዚቃ ብዙው ዛሬም ያለው በየሰው ቤት፣ በአልጋ ሥርና በቁም ሣጥን ውስጥ ነው። የካሴት ክር ያረጃል፤ ይበጠሳል። ለእረፍት አገር ቤት የሚገባ ሁሉ የእናት አባቱን ካሴቶች ኦዳሲቲ በሚባለው የመቅጃ ፕሮግራም ቀድቶ ፍላክ በሚባለው የድምፅ ፋይል ዓይነት ቢያስቀምጥልን እንዴት ደስ ባለኝ! ሁለቱም ነፃ ናቸው። የ60 ደቂቃ ካሴት በሲዲ ጥራት ሲቀዳ 600 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ፍላክ ከድምፁ ቅንጣት ሳይቀንስ ብዙ ጊዜ ወደ ግማሽ ያወርደዋል።

ሊኑክስ ድምፅ ያሳምራል የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። አልስማማም። ፋይሉ ሳይነካካ ሳውንድ ካርዱ ጋ ከደረሰ በየትኛውም ሲስተም ድምፁ ያው ነው። ይልቅ ማየት ያለባችሁ በሊኑክስ ድምፁን ወደ ካርዱ የሚያደርሰውን ፓይፕዋየርን ነው፤ ካልነገሩት በቀር በ48,000 ኸርዝ ስለሚሠራ በ44,100 የተቀዳውን ሲዲ እየለወጠ ያጫውታል። በማስተካከያ ፋይሉ ሁለቱንም እንዲቀበል ፍቀዱለት። የዘፋኞቹ ስም አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ከታየም የጎደለው የግዕዝ ፎንት ነው፤ አቢሲኒካን ጫኑ።

የዚህ አገር አቧራ ፋኑን ይደፍነዋል። ማሽኑ ሲግል ፋኑ ይጮኻል፤ የኤሲው ድምፅ ሲጨመርበት ክራርና ማሲንቆው ይዋጣል። ስለዚህ መጀመሪያ አስከፍታችሁ አስጠርጉት።

ከመጫናችሁ በፊት ዴብያንን ከፍላሽ ላይ አስነሥታችሁ ስፒከሩንና ዋይፋዩን ሞክሩ። እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው 12ኛ እትም ወዲህ ለብዙ የዋይፋይ ካርዶች የሚያስፈልገው ፈርምዌር አብሮት ስለሚመጣ እንደ ድሮው አያስቸግርም። ሙዚቃችሁን ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ሳትገለብጡ ግን የድሮውን ዲስክ እንዳታጠፉት፤ ሁለተኛ ቅጂው ተከፍቶ ሲዘፍን በጆሯችሁ ስሙ።