ከብርሃን ቀድሞ መሄድ ይቻላልን?

በክፍላችን ውስጥ ስለ ጠፈር ጉዞ ክርክር በተነሣ ቁጥር ጓደኞቼ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን የሰው ልጅ በስበት ተረድቶ ከብርሃን የሚፈጥን መርከብ ሊሠራ ጥቂት ዓመት ብቻ ቀርቶታል ይላል፤ ማስረጃውም በስልክ ያየው ቪዲዮ ነው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ነገሩ ሁሉ ተረት ስለ ሆነ ይልቅ ለፈተናችሁ አጥኑ ብሎ ይስቃል። እኔ ሁለቱንም አልደግፍም፤ ሁለቱም ከሒሳቡ ሸሽተዋልና።

አስቀድሞ የርቀቱን ነገር እንመልከት። ብርሃን በአንድ ሰከንድ 299,792 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። እንዲህም ሆኖ ከፀሐይ ቀጥላ ለእኛ ቅርብ ከሆነችው ኮከብ፣ ከፕሮክሲማ ሴንታውሪ፣ ወደ ምድር ለመድረስ 4 ዓመት ከ3 ወር ገደማ ይፈጅበታል። በ1977 የተላከችው ቮዬጀር 1 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ትበራለች። በዚህ ፍጥነት እዚያች ኮከብ ዘንድ ልድረስ የሚል ሰው 75,000 ዓመት ያህል መታገሥ አለበት። እንግዲህ ሊቃውንቱ አቋራጭ መንገድ ቢፈልጉ አይፈረድባቸውም።

አልበርት አይንስታይን በ1905 ክብደት ያለው ነገር ወደ ብርሃን ፍጥነት በተጠጋ መጠን እርሱን ለመግፋት የሚያስፈልገው ጉልበት ያለ ወሰን እያደገ እንደሚሄድ አሳየ። በሩ የተዘጋ መሰለ። ነገር ግን ይኸው ሰው በ1915፣ ስበት ማለት ግዙፍ አካል በዙሪያው ያለውን ቦታና ጊዜ ማጉበጡ ነው ሲል ሌላ በር ከፈተ። በ1919 ፀሐይ በጨለመች ጊዜም የእንግሊዝ የኮከብ ተመራማሪዎች በፀሐይ አጠገብ የሚያልፈው የከዋክብት ብርሃን መጣመሙን ለክተው ቃሉን አጸኑለት። ስበት ራሱ ከብርሃን ይፈጥናል የሚሉም አሉ፤ አይፈጥንም። በኦገስት 17 ቀን 2017 ከሁለት ኮከቦች ግጭት የተነሡ የስበት ሞገድና የጋማ ጨረር፣ 130 ሚሊዮን ዓመት ያህል ከተጓዙ በኋላ፣ በ1.7 ሰከንድ ልዩነት ብቻ ተከታትለው ደርሰዋል።

እዚህ ላይ አንድ ምሳሌ ልስጥ። ጋቢ መሬት ላይ አንጥፈን አንዲት ጉንዳን ብናስኬድበት፣ ጉንዳኗ ከእግሯ አቅም በላይ ልትሮጥ አትችልም። ይሁን እንጂ ከፊቷ ያለውን ጋቢ ብናጨማድደው፣ ከኋላዋ ያለውን ደግሞ ብንለጥጠው፣ እርምጃዋን ሳታፈጥን ከዳር ትደርሳለች። የሜክሲኮው የፊዚክስ ሊቅ ሚጌል አልኩቢዬሬ በ1994 ያሳተመው ሐሳብ ይህንን ይመስላል። መርከቢቱ በአረፋ ውስጥ እንዳለች ዝም ብላ ትቀመጣለች፤ የሚሄደው ቦታው ነው። በአረፋው ውስጥ ብርሃንን የቀደመ ስለሌለ የ1905ቱ ሕግ አልተሻረም። ሰውየው ይህን ያገኘው በራሱ በአይንስታይን ሒሳብ ስለ ሆነ፣ ተረት ነው ብለው የሚስቁት ጓደኞቼ ቢያንስ ሳቃቸውን ቀነስ ቢያደርጉ ደስ ይለኛል።

አማኞቹ ግን ክርክራቸውን የሚያቆሙት እዚህ ላይ ነው፤ ዋናው ጉዳይ የሚጀምረውም እዚሁ ነው። ጋቢውን የሚጎትተው ማን ነው? ሒሳቡ ሲሠራ የአረፋው ግድግዳ አሉታዊ ጉልበት፣ ማለትም ከባዶ ቦታ እንኳ ያነሰ ጉልበት፣ ይጠይቃል። ድንጋይም ውሃም ፀሐይም እንዲህ ያለ ነገር የላቸውም። ሆላንዳዊው ሄንድሪክ ካሲሚር በ1948 ሁለት የብረት ዝርግ ሰሌዳዎች በባዶ ቦታ እጅግ ቢቀራረቡ በመካከላቸው ያለው ጉልበት ከባዶው በታች እንደሚወርድና እርስ በርሳቸው እንደሚሳሳቡ አመለከተ፤ መሳሳቡም በ1997 በጥንቃቄ ተለካ። ነገር ግን ይህ ጠብታ ነው። በዚያው በ1997 ፌኒንግና ፎርድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለአልኩቢዬሬ አረፋ የሚያስፈልገውን ቢያሰሉ፣ ከሚታየው ጽንፈ ዓለም ክብደት ሁሉ የሚበልጥ ሆኖ አገኙት። በ1999 ደግሞ ክሪስ ቫን ደን ብሩክ የአረፋውን ቅርጽ ለውጦ ዋጋውን ወደ ጥቂት ፀሐዮች ክብደት አወረደው። ከዚህ የሚበልጥ ቅናሽ በየትኛውም ገበያ አይገኝም! ሆኖም ዕቃው አሁንም አሉታዊ ነው፤ የሚሸጥ ሰውም የለም።

ደግሞም አረፋው ከብርሃን ሲፈጥን ነጂው ወደ ፊተኛው ግድግዳ ትእዛዝ ሊልክ አይችልም፤ የሚልከው ምልክት ራሱ ከብርሃን አይፈጥንምና። መሪና ፍሬን በሌለው መኪና ቁልቁለት እንደ መውረድ ነው። ለእኔ ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ሌላ ነው። በአይንስታይን ሕግ መሠረት ከብርሃን መቅደም የቻለ፣ ወደ ትናንት የሚመለስበትንም መንገድ ሊያገኝ ይችላል። መልስ ከጥያቄው በፊት የሚደርስበትን ዓለም ተፈጥሮ ትፈቅዳለች ብዬ አላምንም፤ ስለዚህ ግምቴን ተናገር ብትሉኝ፣ መርከቢቱ አትሠራም ባይ ነኝ። በ2024 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን አሉታዊ ጉልበት የማይጠይቅ አረፋ በሒሳብ አሳይቷል፤ ፍጥነቱ ግን ከብርሃን ያነሰ ነው። በስልክ ወሬውን የሚነዙት ይህችን የመጨረሻዋን ቃል እየጣሉ ነው።

ወላጆቻችን ይህ ምን እንጀራ ይሆናል ብለው ቢጠይቁ ተገቢ ነው። ስለ አረፋው መልስ የለኝም፤ ስለ ሒሳቡ ግን አለኝ። ስልካችሁ ያላችሁበትን ቦታ የሚያውቅባቸው ሳተላይቶች ሰዓታቸው ከምድር ሰዓት በቀን 38 ማይክሮሰከንድ ያህል ይቀድማል፤ ይህ በአይንስታይን ሒሳብ ባይታረም ኖሮ ስሕተቱ በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር ያህል እያደገ በሄደ ነበር።

ስለዚህ መምህራኖቻችንን የምለምነው፣ አይቻልም ብለው ዝም ከሚያሰኙን ይልቅ ለምን እንደማይቻል በቁጥር እንዲያሳዩን ነው። የሳይንስ ክበባችን አንድ የዓርብ ከሰዓት በኋላ ቢሰጠን ይበቃል። የቮዬጀርን ሒሳብ ማንም የ9ኛ ክፍል ተማሪ በማካፈል ብቻ ይሠራዋል፤ የሳተላይቱን ሰዓት እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች እንሞክረዋለን። የአልኩቢዬሬን አረፋ ለፊዚክስ መምህራችን እንተወዋለን፤ እሳቸውም ሰሌዳው እንደማይበቃቸው ከወዲሁ ነግረውኛል።