ከችካሉ በፊት ጥናቱ ይቅደም





በዛሬው ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛው ዋና ጨዋታ የቤት መሥሪያ ቦታ ነው። መምህሩም፤ የጤና ባልደረባውም፤ የሒሳብ ሠራተኛውም በማኅበር ተደራጅቶ ምሪት ይጠባበቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከደመወዙ የሚበልጠውን ለቤት ኪራይ የሚያስረክብ ሰው ጎጆ ቢመኝ የሚነቅፈው የለም። እኔም መምህር ስለ ሆንሁ ችግሩን ከሩቅ አላየውም። ሆኖም ስለ ካሬ ሜትሩና ስለ ተራችን አጥብቀን ስንከራከር፤ መሬቱ ከማን እጅ እንደሚመጣና ሲታረስ ምን ያበቅል እንደ ነበር የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። አሳቤን ለማስረዳት ግራናን ምሳሌ ላድርግ።

ግራና በሰሜን ወሎ በሀብሩ ወረዳ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከተራራው የሚወርደው ውሃ ሜዳዋን አቋርጦ ወደ አፋር ቆላ ይጓዛል። ሜዳው ጎርፍ ከዘመን ዘመን ባወረደው ደለል የተሠራ ስለ ሆነ አፈሩ ለም ነው፤ ከሥሩም ውሃ አለ። የቆቦ ግራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲታቀድ የግራና ስም ከቆቦ ጋር የተጣመረው በዚሁ የከርሰ ምድር ውሃና ለመስኖ በሚስማማው መሬት ምክንያት ነው። ችግሩም የሚነሣው ከዚሁ ነው። ለማረሻ የተመቸው ሜዳ ለቀያሽም ይመቻል፤ ደልዳላ ነው፤ ለመንገድ ቅርብ ነው፤ ድንጋይ ፍለጣ አያስቸግርም። ስለዚህ ከተማ በሰፋ ቍጥር መጀመሪያ የሚሸነሸነው ከሁሉ የተሻለው እርሻ ይሆናል። ጭንጫው ግን ሳይነካ ይቀራል። ማሽላ የተዘራበት መሬት በሚቀጥለው ዓመት ጤፍ ሊዘራበት ይችላል፤ መሠረት የተጣለበት ግን ወደ እርሻነት አይመለስም።

ሕጉ ይህን ያላሰበ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል፤ በአንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ በሚነካው የአካባቢ ጉዳይ ሊመክርበት እንደሚገባ አስቀምጧል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ጥናቱ ከሥራው እንዲቀድም፤ የአካባቢው ሰውም አስተያየቱን እንዲሰጥ አዟል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574ም ፕላን ከመጽደቁ በፊት ነዋሪው እንዲመክርበት ፈልጓል።

ታዲያ ጉድለቱ ከምን ላይ ነው? በእኔ አስተያየት ጉድለቱ ነገሩን በቁርጥራጭ ማየታችን ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ማኅበር 24 አባላት ቢኖሩትና ለእያንዳንዱ 200 ካሬ ሜትር ቢመራ፤ ጠቅላላው 4,800 ካሬ ሜትር ነው፤ ግማሽ ሔክታር እንኳ አይሞላም። ለዚህች ቦታ ማን ጥናት ያስጠናል? ነገር ግን ሃያ ማኅበራት ሲደመሩ፤ መንገዱና የውሃ መውረጃው ሳይቈጠር፤ 9.6 ሔክታር ይሆናል። ይኸውም ወደ 40 ጥማድ የሚጠጋ እርሻ ነው። ከላይ የጠቀስሁት አዋጅ ቁጥር 299 ግን የአንድ ሥራ ተጽዕኖ ከሌሎች ጋር ተደምሮ እንዲታይ ይፈቅዳል። እንግዲህ ሊመዘን የሚገባው የእያንዳንዱ ማኅበር ሽንሻኖ ሳይሆን የከተማይቱ መስፋፋት በሙሉ ነው።

ድምሩ የሚነካው እርሻን ብቻ አይደለም። የፍሳሽ ቧንቧ በሌለበት ከተማ እያንዳንዱ ቤት የራሱን የመጸዳጃ ጕድጓድ ይቈፍራል። ውሃ ከሥሩ ባለበት ሜዳ ላይ መቶዎች ጕድጓዶች ሲጠጋጉ፤ እድፉ ሰርጎ የሚገባው ያው ሰፋሪ ከሚቀዳው ጕድጓድ ነው። ደግሞም ጎርፍ የሠራው ሜዳ የጎርፍ መንገድ መሆኑን መርሳት አይገባም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በድሬዳዋ ሞልቶ ከ250 የሚበልጡ ሰዎችን ወስዷል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ቀብሯል። በአሸዋ ላይ ቤቱን ስለ ሠራው ሰው የተነገረውን ምሳሌ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ነገር ግን ዕጣ ስናወጣ ከአፈሩ ይልቅ የመንገዱን ቅርበት እናያለን።

ከታሪካችንም መማር ይቻላል። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ በስፋት በተካሄደው የመንደር ምሥረታ ቤቶች በመሥመር ተሰለፉ፤ ውሃው፤ ግጦሹና እርሻው ግን ለብዙዎች ራቀ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀ በኋላ ብዙ ሰው ቤቱን እያፈረሰ ወደ ቀድሞ ቀዬው ተመልሷል። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላንም ባለ መሬቱ ገበሬ በቅጡ ሳይመክርበት ስለ ተዘጋጀ፤ ከብዙ ጉዳት በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰርዟል።

ካሣ ይከፈለዋል የሚሉ ይኖራሉ። እውነት ነው፤ ከይዞታው ለዘለቄታው ለሚነሣ ገበሬ በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 የዓመት ገቢውን አሥር እጥፍ ወስኖ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ወደ አሥራ አምስት እጥፍ አሳድጎታል። ነገር ግን አሥራ አምስት ዓመት የአንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ዕድሜ ነው። ገንዘቡ ሲያልቅ ያ ልጅ ገና ጎጆ አልወጣም፤ የሚወርሰውም እርሻ የለም። ጥናቱ ያዘገየናል የሚሉም አይጠፉም። ጥናት ወራት ይወስድ ይሆናል፤ በጎርፍ መንገድ ላይ የተሠራ ቤት ግን ባለቤቱን ዕድሜውን ሙሉ ያሠጋዋል።

ስለዚህ አሳቤ ይህ ነው። አንደኛ፤ በመስኖ የሚለማው መሬትና የወንዝ ዳርቻ በፕላን ላይ ተለይቶ ለቤት እንዳይሰጥ ይሁን። ሁለተኛ፤ ምሪቱ ወደ ጭንጫውና ለእርሻ ወደማይመቸው፤ ግን ወዳልተዳፋው ቦታ ይዙር፤ በከተማይቱ ውስጥም ፎቅ መሥራት ይለመድ። ሦስተኛ፤ የመጸዳጃውና የጎርፍ መውረጃው ነገር ከዕጣው በፊት ይወሰን። አራተኛ፤ ገበሬው ካሣ ሊፈርም ሲጠራ ብቻ ሳይሆን ጥናቱ ሲጀመር ይጠየቅ።

ይህን ሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው ደግሞ ቦታውን የምንጠብቀው እኛ ነን። የመንግሥት ሠራተኛ ሕጉን ያነባል፤ ማመልከቻም መጻፍ ያውቃል። ማኅበሮቻችን ለከንቲባው የሚያቀርቡት ማመልከቻ «ቦታ ይሰጠን» ከማለቱ አስቀድሞ «ቦታው ተጠንቶ ይሰጠን» የሚል ቢሆን፤ ቤታችንም ይጸናል፤ ጎረቤታችን የሚሆነው ገበሬም አይረግመንም።


አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ሰሜን ወሎ